ስልሳ ሸሚዝ፣ ግራ እጅጌ ብቻ

አይ ሹመት! በሸሚዝ ፋብሪካው የአሥራ አራት ሰፊዎች አለቃ የሆነው ወጣት፣ ሴቶቹ በሌለበት «ጄኔራል» የሚሉት፣ ጠዋት ጠዋት መስተዋት ፊት ቆሞ መቆጣት ይለማመዳል። ቅንድቡን ሲያኮሳትር ራሱን ያስፈራዋል፤ ሌላ የሚፈራው እንኳ አልነበረም።

አይፈረድበትም። እናቱ «የወንድምህን ግማሽ በሆንክ» እያሉ ነው ያሳደጉት። ራሱን ንቆ ያደገ ሰው ደግሞ አገር ምድሩ የናቀው ይመስለዋል። ሁለት ሴቶች ከሳቁ በእሱ ነው፤ አንዷ ካሳለች ልታሽሟጥጠው ነው። ስለዚህ ሳይንቁት ቀድሞ ናቃቸው። ስም መጥራት ያስደፍራል ብሎ በስፌት መኪናቸው ቁጥር ይጠራቸዋል። «ሦስት፣ ፍጠኚ! ሰባት፣ ዝም በይ!» ግድግዳው ላይም «ሳይጠየቁ መናገር ክልክል ነው» የሚል ወረቀት ለጠፈ። ጉድ እኮ ነው!

የሦስት ወር ሙከራው የሚያልቅበት ቀን ደረሰ። ስልሳ ሸሚዝ እስከ አሥር ሰዓት ካደረሰ የፋብሪካው ባለቤት ሹመቱን ሊያጸድቁለት፣ ካላደረሰ ወደ ካርቶን ማሸጉ ሊመልሱት ነው።

በዋዜማው ቆራጩ ግራና ቀኝ እኩል እንዲወጣለት ጨርቁን ፊት ለፊት አጥፎ እጅጌ ሊቆርጥ ሲል ጄኔራል ጮኸበት። «እኔን ልታስተምረኝ ነው? ሁሉንም ፊቱን ወደ ላይ አንጥፈህ ቁረጥ!» ቆራጩ ግድግዳውን አየና ቆረጠ። ምን ቸገረው?

በማግስቱ ረፋድ ላይ እጅጌ መግጠም ተጀመረ። መቶ ሃያው እጅጌ በሙሉ የግራ ሆኖ አረፈው! ቀኝ እጅ ያለው ሰው እንዲህ ያለ ሸሚዝ አይገዛም።

ጄኔራል ላብ በላብ ሆነ። «አይታችሁ ለምን አልነገራችሁኝም?» አለ። አሥራ አራቱም ዓይናቸውን ወደ ወረቀቱ ላኩ። እሰይ፣ ይበለው!

«እባካችሁ፣ ምን ላድርግ?» አለ፣ ድምፁ ሰልሎ።

ወጥመድ መሰላቸው። በመጨረሻ ዘጠኝ ቁጥር ላይ የምትሰፋው፣ በዕድሜ እናቱ የምትሆን ሴት፣ መቀሷን አነሳች።

«የኮሌታና የኪሱ ጨርቅ ገና አልተቆረጠም» አለች። «ከእሱ ቀኝ እጅጌ እናውጣ። ኮሌታና ኪሱን ከትርፉ ግራ እጅጌ እንቆርጣለን።»

ከዚያ በኋላ እሷ አዘዘች፣ እሱ ክር ሲያቀብል ዋለ። «ነይ እስቲ እህቴ፣ ያዝልኝ ልጄ» ነበር ትእዛዟ። ማንም አልጮኸ፣ ሥራው ግን ሮጠ።

አሥር ሰዓት ላይ ባለቤቱ ሸሚዞቹን አገላብጠው አዩ። «ቆራጩ የሆነውን ነግሮኛል። መላውን ማን አመጣው?»

«እኔ» የሚለው ቃል ጉሮሮው ድረስ መጣ፤ ዋጠው። ለዚህስ ይመስገን።

«ዘጠኝ ቁጥር» አለ።

«ዘጠኝ ቁጥር መኪናው ነው። የሴትዮዋ ስም ማን ነው?»

ሦስት ወር ሙሉ ራሷ ላይ ቆሞ ጮኋል። ስሟን አያውቅም።

«ጠይቃትና ና» አሉት ባለቤቱ። «ስለ ሹመቱ ከዚያ እናወራለን።»

እስከ መኪናዋ ሃያ እርምጃ አይሞላም፤ ለእሱ ግን አላልቅ አለው። መኪኖቹ አንድ በአንድ ጸጥ አሉ። ደርሶ ፊቷ ቆመና ጆሮው እስኪቀላ አፈረ።

«ይቅርታ እናቴ፣ ስምዎት ማን ነው?»

ሴትዮዋ ክሯን በጥርሷ በጠሰች።

«ሳይጠየቁ መናገር ክልክል ነው ብለህ ነው እንጂ፣ ልጄ» አለችው፣ «የመጀመሪያው ቀን እነግርህ ነበር።»