የወንዙ ፊልም

ባለፈው ሳምንት ማርሳቢት ላይ አውቶቡስ ስጠብቅ አንድ ምግብ ቤት ገብቼ ሻይ አዘዝኩ። ግድግዳው ላይ የተሰቀለው ቴሌቪዥን ድምፁ ጠፍቷል። ቀና ስል ጭቃ የለበሰ ወታደር ወንዝ ዳር ተቀምጦ ከደረት ኪሱ ደብዳቤ ያወጣል። ሳላስበው "ከእህቱ ነው" አልኩ። አጠገቤ የተቀመጠው ሰውዬ ዞር ብሎ አየኝ።

ደብዳቤው ከእህቱ አይደለም፤ ከሚስቱ ነው። ይህን ያወቅኩት ፎርም ቱ፣ አሥረኛ ክፍል ማለት ነው፣ ሳለሁ ነው፤ በማወቄም ብዙ ኮርቼ ነበር።

ያኔ ኬንያ ሞያሌ አስፋልት አልገባም። ከስቴጁ፣ ከመኪና መናኸሪያው፣ ጀርባ ዙሪያውን በቆርቆሮ የተሠራ ቪዲዮ ቤት ነበር። ቅዳሜ ከምሳ በኋላ ቆርቆሮው ሲግል የናፍጣና የጫት ሽታ አንድ ላይ ይታፈናል፤ በምስማር ቀዳዳዎቹ የሚገባው ብርሃን በተመልካቹ ጀርባ ላይ ነጠብጣብ ይሠራል። አባቴ ከቴሌቪዥኑ አጠገብ በርጩማ ላይ ተቀምጦ የእንግሊዝኛውን ፊልም በአማርኛ ይተርካል። በሌላው ቀን ልብስ ሰፊ ነው። የቤቱ ባለቤት የመረጠው፣ ወታደር የነበረ ሰው የጦርነት ፊልም አይከብደውም ብሎ ነው። እንግሊዝኛ ትችላለህ ወይ ብሎ የጠየቀው የለም። አይችልም ነበር።

እኔ ግን እችላለሁ፤ ስለዚህ ቁጭ ብዬ አፍራለሁ። ፈረንጁ ወታደር ስለ ቢራ ሲያወራ አባቴ "ውሃ ካለቀብን ሦስተኛ ቀናችን ነው" ይላል። አዛዡ ሲቀልድ አባቴ "መንግሥት ወድቋል፤ እያንዳንድህ ራስህን አድን" ይላል። ሰውም ያምነዋል። ሾፌሩም፣ ከጎልቦ ከብት ሊሸጥ የመጣውም ትንፋሹን ውጦ ያዳምጣል። ከሁሉ የሚወደደው የወንዙ ፊልም ነበር። ወታደሩ ደብዳቤውን ሲዘረጋ የአባቴ ድምፅ ዝቅ ይላል። "ከእህቱ ነው። ሚኒስትሪ አልፌያለሁ፣ ስትመጣ ጫማ ግዛልኝ ትለዋለች።" ከዚያ ወታደሩ ወንዙ ውስጥ ይገባል፤ አይወጣም።

አንድ ቀን ደብዳቤው ከሚስቱ መሆኑን ነገርኩት። "እሺ" አለኝ፤ በሚቀጥለው ቅዳሜ ግን ያንኑ ደገመው። ቤት ውስጥ ስለ ጦርነቱ ትንፍሽ ብሎ አያውቅም። ከኢትዮጵያ እንዴት እንደወጣ ስጠይቀው "በእግር" ብሎ ክሩን መርፌው ውስጥ ያስገባል።

ከልብስ መስፊያው ፊት ለፊት ሻይ ቤት የነበራት ሴት ነበረች። አባቴ ያገለገለው የኢትዮጵያ መንግሥት በወደቀበት ሰሞን ወታደሮቹ ወደ ኬንያ ተሻገሩ ሲባል ሰምታ፣ በአሥራ አምስት ዓመቷ ወንድሟን ፍለጋ ከሻሸመኔ ዋልዳ የስደተኞች ካምፕ ድረስ መጣች። እዚያ ያገኘችው የወንድሟን ጓደኛ፣ አባቴን ነው። እሱም መንገድ ላይ እንደተለያዩ፣ ወንድሟ ወደ ናይሮቢ ሳያልፍ እንዳልቀረ ነገራት። ካምፑ ሲዘጋ ሞያሌ ቀረች። ከናይሮቢ ለሚመጣ የጭነት ሾፌር ሁሉ ከሻዩ ጋር አንድ ጥያቄ ይቀርብለታል፤ ረጅም፣ ግንባሩ ላይ ጠባሳ ያለበት ሐበሻ አላየህም? ሃያ ዓመት እንዲህ ጠየቀች።

አንድ ቀን ከትምህርት ቤት ስመለስ ሻይ ቤቷ ገባሁና፣ እንግሊዝኛዬን ላሳይ ብዬ የአባቴን አተረጓጎም እየሳቅኩ አጫወትኳት። ውሃ የጠማቸውን፣ ደብዳቤውን፣ ሚኒስትሪውን፣ ጫማውን። ብርጭቆ እየወለወለች ነበር። አልሳቀችም።

"ጫማ ግዛልኝ አለች?" ብላ ጠየቀችኝ።

አዎ አልኳት። ፊልሙ መቼ እንደሚታይ ጠየቀችኝ፤ ነገርኳት።

ቅዳሜ ሻይ ቤቱን ዘግታ መጣች። ዘግታ አታውቅም። በሩ ሲከፈት የገባው ብርሃን ፊቷን አሳየው፤ አባቴ አያት። ከኋላ ቆመች። ትረካው እየተንቀረፈፈ ደብዳቤው ጋ ሲደርስ ቆመ። ሰዉ "ኤንዴሌያ፣ ምዜ" እያለ፣ ቀጥል ሽማግሌው ማለቱ ነው፣ ያጉረመርም ጀመር።

አባቴ ጉሮሮውን ጠረገ። "ከሚስቱ ነው" አለ።

ለመጀመሪያ ጊዜ በትክክል ተረጎመ። ቀጥሎ ወታደሩ እየሰጠመ እያየነው "ወንዙን ተሻገረ" አለ። ሰዉ ሳቀ። የደብዳቤው እህት እሷ መሆኗ ያኔ ነው የገባኝ። ምነው ምላሴን በቆረጠው አልኩ።

"ወንድም ጋሼ" አለች ከኋላ፤ "ሁልጊዜ እንደምትለው ንገረን።"

ሳቁ ቆመ። አባቴ ጀርባውን ለቴሌቪዥኑ ሰጥቶ ለእሷ ብቻ ይተርክ ጀመር። ወንዙ ዳዋ ነበር። ሞልቶ ነበር። እሱና ወንድሟ እጅ ለእጅ ተያይዘው ገቡ፤ መሃል ላይ የወንድሟ እጅ ከእጁ አመለጠው። "ልጅ ነበርሽ" አላት። "ነገ እነግራታለሁ፣ ነገ እነግራታለሁ ስል ዓመቱ ሄደ።"

እሷ አንድ ነገር ብቻ ጠየቀችው።

"ጫማውን ገዝቶልኝ ነበር?"

"ገዝቶ ነበር" አለ አባቴ። "ቡናማ ናቸው። እንዳይርሱ ብሎ በማሰሪያቸው አንገቱ ላይ አንጠልጥሏቸው ነበር።"

ነጠላዋን አስተካክላ ወጣች። አባቴ ከዚያ ወዲያ ቪዲዮ ቤት አልገባም።

ማርሳቢት ላይ ወታደሩ እስኪሰጥም ድረስ አየሁት። አንገቱ ላይ ምንም የለም። አባቴም ከዚያ ቀን በፊት ጫማው ተገዝቷል ብሎ ተርኮ አያውቅም። እውነት ይሁን እዚያው የፈጠረው፣ አፍሬ ሳልጠይቀው ሞተ። አሁን ቢሆን ደግሞ የምጠይቀው አይመስለኝም።

ያኔ፣ ከዚያ ቅዳሜ በኋላ በነበረው ሰኞ፣ ከናይሮቢ የመጣ ሾፌር ሻይ ቤቷ ሲገባ ከመስፊያው ደጃፍ ሆነን፣ እኔና አባቴ፣ አየናት። ሻዩን አቀረበችለት። አጠገቡ ትንሽ ቆመች፤ ከዚያ ስኳር ስንት ላድርግልህ ብላ ብቻ ጠየቀችው።