የሰኔ ማርያም ትራክተር

ትራክተሩን ለመጀመሪያ ጊዜ ሳየው ዶሮ ተኝታበት ነበር። በዘጠናዎቹ አጋማሽ፣ እኔና አክስቴ ከሳን ሆዜ በስተምሥራቅ በኩል ቤት በተከራየንበት ዓመት ነው። ከአጥራችን ማዶ ብቻቸውን የሚኖሩ አሜሪካዊ ሽማግሌ ነበሩ። ሰፈሩ ሁሉ የፍራፍሬ እርሻ በነበረበት ዘመን ከሚስታቸው ጋር አፕሪኮት ሲያመርቱ ኖረዋል። መሬቱ ለቤት መሥሪያ እየተቆራረሰ ሲሸጥ የቀሯቸው ጥቂት ዛፎችና አንድ ሰፊ የሣር ሜዳ ናቸው። ሚስታቸው ካረፉ ወዲህ ሣሩን የሚያጭደው አልነበረም። ማጨጃው፣ ያ መቀመጫና መሪ ያለው ትንሽ ትራክተር፣ መጋዘን ውስጥ እንደቆመ ዝጎ የዶሮ ማደሪያ ሆኗል።

"ካንቀሳቀስከው ያንተ ነው" አሉኝ። እየቀለዱ ነበር። እኔ ግን እንዲህ ያለ ነገር ሲሰጡኝ ቀልድ አይገባኝም። በማግስቱ ጎማውን ነፋሁ፣ ዶሮዋን ይቅርታ ጠየቅሁ፣ እየገፋሁም ወደ ጋራዣችን አስገባሁት።

ስለ ሞተር የማውቀው ነገር ቢኖር መጮሁን ብቻ ነው። ሥራዬ ኤሌክትሮኒክስ ፋብሪካ ውስጥ ነበር። ከፊቴ በሚያልፍ ሰሌዳ ላይ አንዲት ነጥብ እበይዳለሁ፤ ሰሌዳው ሄዶ የምን ዕቃ ሆድ ውስጥ እንደሚገባ የነገረኝ የለም፣ እኔም አልጠየቅሁም። ጋራዥ ገብቼ ካቻቪቴ ስይዝ ግን አንድ ሙሉ ነገር፣ ከመሪው እስከ ኋላ ጎማው፣ ፊቴ ቆሞ ይጠብቀኛል። ያበላሸሁትም እኔ፣ ያስተካከልኩትም እኔ። ከዚያ በፊት እንዲህ ደስ ያለኝን ሥራ አላስታውስም።

ያበላሸሁት ይበዛል። ብሎኖቹ በዝገት ተጣብቀው ስለነበር ዘይት እያጠጣሁ ስጠብቃቸው ትዕግሥት አልቆብኝ ሁለቱን ቆርጫለሁ። ኦክላንድ ድረስ ሄጄ፣ ባቡር ሐዲዱ አጠገብ ካለ የአሮጌ ዕቃ መደብር፣ ቺንጋ ገዝቼ ስመጣ አጭር ሆነ፤ ተመልሼ የገዛሁት ደግሞ ረዘመ። የሞተሩን ሽፋን በብርጭቆ ወረቀት ስፈትገው ከዝገቱ ሥር ሰማያዊ ቀለም ብቅ አለ። ያን ዕለት አክስቴን እየጎተትኩ አምጥቼ አሳየኋት። አየችና "ሰው ሚስት ያገባል፣ አንተ ብረት አገባህ" ብላ ወደ ወጥ ቤቷ ተመለሰች።

ሽማግሌው በመጀመሪያ በአጥሩ ላይ አንገታቸውን አስግገው "እንዴት ነው በሽተኛው?" ይሉኝ ነበር። ቆይተው እየዞሩ መምጣት ጀመሩ። የፍራፍሬ ሣጥን ገልብጠው ይቀመጣሉ፤ እኔ እፈታለሁ፣ እሳቸው ያወራሉ። ትራክተሩን አዘውትረው ይነዱ የነበሩት ሚስታቸው እንደሆኑ፣ በዛፎቹ መካከል ሲያልፉ ቅርንጫፍ ባርኔጣቸውን እያነሳ ስንቴ እንዳስቀረባቸው የነገሩኝ እዚያ ሣጥን ላይ ተቀምጠው ነው። ስለ መሣሪያ ብዙም አይመክሩኝም፤ "እሷ ነበረች የምታውቀው" ይላሉ። እኔ አባቴን ያጣሁት ሳልጠግበው ነው። ከአንድ ሽማግሌ ጋር ያለ ምንም ጉዳይ ተቀምጦ መዋል ምን እንደሚመስል ያወቅሁት እዚያ ጋራዥ ውስጥ ነው፤ ይህንን ሳስብ ዛሬም አመሰግናቸዋለሁ።

ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል እያልኩ ዓመት አለፈ። ሞተሩ ተፈትቶ መደርደሪያ ላይ እንዳለ፣ በሰኔ መግቢያ ላይ ሽማግሌው ወጥ ቤታቸው ውስጥ ወደቁ። አጥንት አልተሰበረም፤ ግን ከሰሜን፣ ከሌላ ስቴት፣ ልጃቸው መጣች። ብቻቸውን መኖር እንደማይችሉ ወስና ቤቱን ሸጣ ወደ ራሷ ልትወስዳቸው ተነሣች። የዕቃ መኪናው ሰኔ መጨረሻ ላይ፣ ሰኞ ጠዋት ይመጣል ተባለ። እሳቸው አልተከራከሩም። ከዚያ ወዲያ ፀጉራቸውን ማበጠር ተዉ፤ ምግብ ሲቀርብላቸው አመስግነው ይተዉታል። ልጃቸው ይህን እያየች ትጨነቃለች፣ እኔም እጨነቃለሁ።

መሄጃቸው ሳምንት ሲቀረው ሣጥኑ ላይ ተቀምጠው "ሜዳዬን አንድ ጊዜ አጭጄ ብሄድ ደስ ይለኝ ነበር" አሉኝ። "እንደ ሶፋ ተሸክመው እንዲያወጡኝ አልፈልግም።"

አንጀቴን በሉት። ነገር ግን የዚያን ሳምንት ፋብሪካው ኦቨርታይም አዞ እስከ ዓርብ ማታ ተይዤ ነበር። እሑድ ሰንበት ነው፣ አክስቴ ባለችበት ቤት የማይታሰብ። የቀረችኝ ቅዳሜ ብቻ ናት። ይህንን ለአክስቴ ስነግራት ግድግዳው ላይ ወደተሰቀለው ካሌንደር ሄደች፤ ወደ ፈረንጁ አይደለም፣ ወደ እኛው።

"ቅዳሜ ሰኔ ማርያም ናት" አለች።

"አክስቴ፣ ሰውየው ሰኞ ሊሄዱ ነው እኮ።"

"መንገዳቸውን ታቅናላቸው። አንተ ግን በማርያም ቀን ብሎን አትፈታም።"

"ለእሳቸው ብዬ እንጂ ለእኔ ነው እንዴ?"

"ትራክተሩ የማን ነው?"

"የእኔ ነው፤ ሰጥተውኛል።"

"እንግዲያው የምትሠራው ለራስህ ነው።"

ቆሽቴ አረረ። አሜሪካ ውስጥ በዓል የሚውለው ባንክ ሲዘጋ ነው ብዬ ክፉኛ መለስኩላት። አልተቆጣችም። ሽንኩርቷን ስትከትፍ ቆየችና ቢላዋውን አስቀመጠች።

"አባቴ በበዓል ቀን የራሱን ማሳ አይረግጥም ነበር" አለች። "ባሏ የሞተባትን የጎረቤታችንን ማሳ ግን እሱና የመንደሩ ሰዎች በበዓል ቀን ደቦ ወጥተው ያርሱላት ነበር። ቄሱም አይከለክሉም። ለአቅመ ደካማ ከሆነ ሥራ አይባልም፣ ጽድቅ ነው።" ከዚያ ቀና ብላ አየችኝ። "መልስላቸው።"

"እሺ፣ መልሻለሁ።"

"ለእኔ ምን ትነግረኛለህ? ለእሳቸው ንገራቸው። በአፍህ የሳቸው፣ በልብህ ያንተ ከሆነ ማርያምን ማታለል ነው።"

በማግስቱ ከሺፍቴ ስመለስ ነጠላዋን አጣፍታ በር ላይ ጠበቀችኝ። አብረን ዞረን የሽማግሌውን በር አንኳኳን። ትራክተሩን መመለሴን ስነግራቸው ፊታቸው ተለወጠ። "አቃተህ ማለት ነው?" አሉኝ። በዚያች እንግሊዝኛዬ ስለ ማርያም፣ ስለ ካሌንደሩ፣ ስለ ደቦውና ስለ ጎረቤቷ ማሳ አስረዳሁ። ልጃቸው ከኋላቸው ቆማ አንዴ እኔን አንዴ አክስቴን ታያለች።

"ከልቤ ነው በላቸው" አለችኝ አክስቴ በአማርኛ።

"ከልቤ ነው" አልኳቸው። ይህን ያልኩት ቶሎ እንዲፈቅዱልኝና ሥራዬን እንድቀጥል ብዬ ነበር። እሳቸው ግን ቃሌን እንደ ቃል ወሰዱት። ከዚያ እጃቸውን መጀመሪያ ለአክስቴ፣ ቀጥሎ ለእኔ ዘረጉና "እንግዲያው ተቀብያለሁ" አሉ።

ቅዳሜ ጠዋት ኦክላንድ ቤተ ክርስቲያን አስቀድሰን ስንወጣ ሁለት ታክሲ ነጂ ጓደኞቼን ይዤ መጣሁ። ነጠላቸውን አጣጥፈው አጥሩ ላይ ሰቀሉና እጅጌያቸውን ሰበሰቡ። አንዱ ካርቡሬተሩን በቤንዚን ሲያጥብ፣ ሌላው ካንዴላውን ሲያጸዳ፣ እኔ ሞተሩን ስገጥም፣ ብቻዬን ወር የሚፈጅብኝ ሥራ በእጃችን ላይ አለቀ። ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ የሚባለው እውነት ነው። መሳሳታችንም አልቀረም፤ ሁሉንም አጥብቀን ጨርሰን አንዲት ትንሽ የብሎን ቀለበት መሬት ላይ ተገኘች። ከየት እንደወደቀች እስከ ዛሬ አላውቅም።

ምሳ ሰዓት ሲደርስ አክስቴ አዲስ ሕግ አወጣች። የደቦ ሠራተኛ የሚያበላው ባለቤቱ ነው፤ ስለዚህ እሷ ምንም አትሠራም፣ ሽማግሌው ናቸው የሚጋብዙን። ይህንንም ተረጎምኩ። ሽማግሌው ከወንበራቸው ተነሥተው ወጥ ቤት ገቡ። ልጃቸው ልትረዳቸው ብትከተል መለሷት። የቆርቆሮ የባቄላ ሾርባ አሙቀው፣ ዳቦ በአፕሪኮት ማርማላታ ቀብተው ይዘው መጡ። የሰኔ ጾም ስለሆነ አክስቴ ቆርቆሮውን አስመጥታ ሥጋ እንደሌለበት አስነበበችኝና በላን። ሽማግሌውም አብረውን ሳሕናቸውን ጨረሱ። ልጃቸው ባዶውን ሳሕን አንሥታ ስትሄድ ዓይኗን ስትጠርግ አየኋት።

ሞተሩ መጀመሪያ እምቢ አለ። ደግመን ስንሞክረው ጥቁር ጭስ ተፋ። በሦስተኛው ተነሣ። ሽማግሌው ባርኔጣቸውን አድርገው መጡ፤ "አባዬ፣ ይቅርብህ" ስትላቸው ልጃቸው እንዳልሰሙ ሆኑ። ተደግፈው ወጡና ተቀመጡ። ከዚያ በዛፎቹ መካከል፣ ቅርንጫፍ ሲደርሱ ጎንበስ እያሉ፣ ሜዳውን ከዳር እስከ ዳር አጨዱት። እኛ በአጥሩ በኩል ተደርድረን ቆመን እናያለን። ልጃቸው አጠገቤ መጥታ "እናቴ ከሞተች ወዲህ እንዲህ ጀርባውን አቅንቶ ሲቀመጥ አላየሁትም" አለችኝ። ጓንቴን አወልቄ መልሼ አደረግሁት።

ሰኞ ጠዋት ከሥራ በፊት ዕቃ ለመጫን ሄድኩ። ትራክተሩ እንደሚቀርልኝ በልቤ ጨርሼ ነበር፤ እሑድ ማታ እንኳ ጋራዡን ጠርጌ ቦታውን አሰናድቻለሁ። ዕቃው ተጭኖ ሊያልቅ ሲል የሞተሩን ድምፅ ሰማሁ። ሽማግሌው ፀጉራቸውን አበጥረው፣ ትራክተሩ ላይ ተቀምጠው እየነዱ መጡ።

"ይኼ የት ጋ ነው የሚጫነው?" አሉ ጫኞቹን። ከዚያ ወደ እኔ ዞሩ። "ልጄ ከቤቷ ጀርባ ሣር አለኝ ትላለች። እዚያ ሄጄ ምን እሠራለሁ እያልኩ ነበር የምጨነቀው። አንተ ስትመልስልኝ ነው ሥራ እንዳለኝ የገባኝ።"

ለበዓሉ ያህል ነው እኮ የመለስኩት የሚል ቃል ምላሴ ጫፍ ላይ ደርሶ ነበር። ልጃቸው የልቤን የጠረጠረች ይመስል በጭንቀት ታየኛለች። እኔ አክስቴን አየሁ። አክስቴ አጥሩ ጋ ቆማ እኔን አላየችም፤ ሽማግሌውን ነበር የምታየው።

"ልግፋልዎት?" አልኳቸው።

"ግዴለም" አሉና በመወጣጫው ላይ ራሳቸው ነድተው መኪናው ላይ ወጡ።

አልዋሽም፣ ከፋኝ። ባዶውን ጋራዥ ላለማየት ለሳምንታት በሌላው በር ስገባ ስወጣ ነበር። አክስቴም አላጽናናችኝም። ከሰመረልኝ ነገር ሁሉ ያ ትራክተር አንደኛው ነበር፤ ሄደ፣ አለቀ ብዬ ነበር።

በጋው ሊያልቅ ሲል ልጃቸው ኮል አደረገች። አባቷ ከእሷ ቀድመው እየተነሡ ቁርሳቸውን እንደሚበሉ፣ የራሷን ሣር ጨርሰው የጎረቤቶቿን ማጨድ እንደጀመሩ እየሳቀች ነገረችኝ። "ቆይ፣ ስማው" ብላ ስልኩን ወደ መስኮቱ ወሰደችው። ሰማሁት፤ ድምፁ ይቀርባል፣ ይርቃል፣ ደግሞ ይቀርባል። ስልኩን ለአክስቴ ሰጠኋት። ጆሮዋ ላይ አድርጋ ለረጅም ጊዜ አዳመጠችና "እድሜ ይስጥዎት" አለች በአማርኛ፣ የሚሰሟት ይመስል። ከዚያ ስልኩን መለሰችልኝ።

"አንተም አመስግናቸው እንጂ" አለችኝ።

እኔም በአማርኛ፣ ለሞተሩ ድምፅ፣ "እግዚአብሔር ይስጥልኝ" አልኩ።