ድራመሩ የበየደው ሳጥን

ብረት ሲቆረጥ የሚወጣው ሽታ፣ ያ ምላስ ላይ ሳይቀር የሚቀመጠው የተቃጠለ ነገር፣ ዛሬም መንገድ ላይ ሲገጥመኝ እግሬን ይይዘኛል። ባለፈው ሳምንት ሥራ ረፍዶብኝ እየሮጥኩ ሳለ አንድ የብረት በር መሥሪያ ደጃፍ ላይ ቆሜ ቀረሁ። ትዝ ያለኝ የአቃቂው ድራመራችን ነው። ስለ እሱ ለማንም በቅጡ አውርቼ አላውቅም። ለራሴም ቢሆን እስካሁን የገባኝ አይመስለኝም።

ያኔ ሃያ ዓመት አልሞላኝም። በቀበሌው አዳራሽ የምንለማመድ ትንሽ የሠርግ ባንድ ነበረን። ዘፋኟ አለቃችን ናት፣ እኔ ኪቦርድ እጫወታለሁ፣ እሱ ድራም። በአሥር ዓመት ያህል ይበልጠኛል። መተዳደሪያው ብየዳ ሲሆን አቃቂ በሰቃ ውስጥ ጠባብ ብየዳ ቤት ነበረችው። እጁ የእሳት ፍንጣሪ ያረፈበት ነጠብጣብ ነው። ያ ሻካራ እጅ የድራም ዱላ ሲይዝ ግን የሌላ ሰው ይመስል ነበር።

ችግራችን የድራሙ ብዛት ነበር። ሚኒባስ ላይ ስንጭነው የሦስት ሰው ቦታ ይይዛል፣ ከረዳት ጋር ሳንጨቃጨቅ የደረስንበት ሠርግ የለም። አንድ ቀን ዘፋኟ ሰልችቷት፣ «ይሄን ሁሉ ኮተት ተሸክመን እስከ መቼ ነው?» አለች። እኔ ኮምፒውተር ጥገና እማር ነበር። ምቱን ኮምፒውተር ላይ ቀድተን ከኪቦርዱ ጋር ብናስኬደውስ ያልኩት እኔ ነኝ። ይህን አልደብቅም።

ዘፋኟ መልስ ሳትሰጥ እሱ ቀደማት። «ኮምፒውተሩስ ቢሆን ትልቅ አይደል? የውስጡን አውጥተህ አምጣልኝና ሌላ ቤት ልሥራለት» አለ። ፊቱን አየሁት። ደስ ያለው ይመስላል።

ሦስት ሳምንት ሙሉ ከሰዓት በኋላ ብየዳ ቤቱ እየሄድኩ ሠራን። እኔ የአሮጌውን ኮምፒውተር ሆድ ፈታሁ። እሱ በስንዝር ለካ፣ ስስ ላሜራ ቆረጠ፣ አጠፈ፣ በየደ። መኪና ሲያንገጫግጨው እንዳይጎዳ ከሥሩ ስፖንጅ አነጠፈለት፣ ሙቀቱ እንዲወጣ ጎኑን በሳሳው። ከአሮጌ ሻንጣ ላይ እጀታ ነቅሎ ገጠመለት። ሲያልቅ በአንድ እጅ የሚንጠለጠል ሳጥን ሆነ።

ከዚያ ምቱን ቀዳን። ግድግዳው ላይ ብርድ ልብስ ሰቅለን፣ አንድ ማይክ አቁመን፣ ችክችካውንም ጉራግኛውንም ኦሮምኛውንም ተራ በተራ መታው። ሠርግ ላይ እንኳን እንደዚያ ሲጠነቀቅ አይቼው አላውቅም። እኔ ጥሩ ነው ስለው፣ «ይሄኛው ደስታ የለውም፣ እንደገና ቅዳው» ይላል። ከዚህ በኋላ አንተ ምን ልትሠራ ነው ብዬ ልጠይቀው ስል አፌ ላይ ደርሶ ይመለሳል። አብሮ የሚመታ መስሎት ይሆን? ወይስ ሁሉንም ያውቃል? ዛሬም አላውቅም።

የመጀመሪያው ሠርግ ሳሪስ አቦ ነበር፣ እሁድ ቀትር ላይ። ሳጥኑን ጭኑ ላይ አድርጎ ይዞት መጣ። ድራሙንም እንጫን ያለ የለም፣ እሱም እኔም። ገመዱን ራሱ ሰካካ። ምቱ ድንኳኑን ሲሞላው ሰው ሁሉ ተነስቶ እስክስታ ወረደ። እሱ እጁን ኪሱ ከትቶ ከስፒከሩ አጠገብ ቆሞ አንገቱን ይነቀንቃል። አንዲት እናት ምግብ ይዘው መጡና፣ «አንተ ልጄ ምንድነው የምትጫወተው?» አሉት።

«ሳጥኑን የሠራሁት እኔ ነኝ፣ እማማ» አላቸው።

የሚቀጥለው ቅዳሜ ልምምድ ላይ አልመጣም። ዘፋኟ፣ «ሥራ በዝቶበት ይሆናል» አለች። ቤቱ ከአዳራሹ የአሥር ደቂቃ መንገድ ነው። ለምን እንዳልሄድኩ አላውቅም። ነገ እሄዳለሁ እያልኩ፣ ሳምንቱ ወር፣ ወሩ ዓመት ሆነ። በየሠርጉ የሱን እጅ እየሰማሁ ኪቦርዴን እጫወታለሁ፣ ዞር ስል እሱ የለም።

ይቅርታ ልጠይቀው የሄድኩት ባንዱ ከፈረሰ ከብዙ ጊዜ በኋላ ነው። ቃሊቲ ውስጥ የግቢ በር ሲሠራ አገኘሁት። ጸጉሩ ሸብቷል። ዩኒፎርም የለበሰች ልጁ ጥግ ላይ ተቀምጣ የቤት ሥራዋን ትጽፋለች። ስንት ቀን ያጠናሁትን ንግግር ልጀምር ስል እሱ አቅፎ ሳመኝና ወደ ልጅቷ ዞረ።

«ነይ ሰላም በይው። አብረን ሙዚቃ እንጫወት ነበር።»

ልጅቷ እርሳሷን እንደያዘች አንዴ እኔን፣ አንዴ እሱን አየች።

«አባዬ፣ አንተ ሙዚቃ ትጫወት ነበር?»

እሱ ፈገግ አለ። ከግድግዳው ሥር አንድ በርጩማ አወጣና አቧራውን በእጅጌው ጠርጎ አቀረበልኝ። ንግግሬን እንደያዝኩ ተቀመጥኩ።