አስር ሺህ አንድ

ስምንተኛ ክፍልን የተማርኩት በአርባ ሁለት ዓመቴ፣ እዚሁ ሶዶ፣ ልጄ ሊሆን ከሚችል መምህር ነው። የሒሳብ ፈተናዬን አርባ ዘጠኝ ብሎ መለሰልኝ፤ ማለፊያው ሃምሳ ነበር። የጣለኝ አንድ እውነት ወይም ሐሰት ጥያቄ ነው፦ «10,001 ከአንድና ከራሱ በቀር በምንም አይካፈልም።» ሐሰት ብያለሁ። በወረቀቱ ጀርባ በ3፣ በ7፣ በ11 እያልኩ ወጥቼ 73 ላይ ስደርስ ያለ ቀሪ ተካፍሎልኛል።

ወረቀቴን ይዤ ሄድኩ።

«መምህር፣ ይኼ ቁጥር በ73 ይካፈላል።»

«እናት፣ እስከ ሃምሳ ባሉት ሁሉ ሞክሬዋለሁ።»

«ሃምሳ ላይ ምን አቆመዎት?»

«የማሰላበት ስልኬ ዘጋ» አለ።

ሰሌዳው ላይ 73ን በ137 ሲያባዛ 10,001 ቁልጭ ብሎ ወጣ። «እንግዲህ ሐሰት ላለ አንድ ይጨመርለታል፤ እውነት ካለ አንድ ይቀነስበታል።»

ክፍሉ ተንጫጫ። ከበዴሳ በሚኒባስ የምትመላለሰው፣ አጠገቤ የምትቀመጠው ሴት ልክ ሃምሳ ነበራት። ሁሌም ከእኔ ትኮርጃለች፤ ይህችን ጥያቄ ብቻ በራሷ ሠርታ እውነት ብላለች።

«አንቺ ሴትዮ፣ ቁጥሩ ምን በደለሽ? ዝም ብለሽ ብትወድቂስ?» አለችኝ። አማርኛው አልበቃት ሲል በወላይትኛ ቀጠለች።

መምህሩ ግንባሩን ጠረገና፣ ለሰላም ሲባል ሁለቱም መልስ ትክክል ይሁን አለ።

አንድ ቁጥር የሚካፈልም የማይካፈልም መሆን አይችልም። ይህንኑ ልናገር ጣቴን አንስቼ ነበር። ሃምሳዬን አየሁ፤ የእሷንም ሃምሳ አየሁ፤ ጣቴን አጥፌ ተቀመጥኩ።