የስድስት ሰዓት ምሳ

መብራትን አንድ ተራ ቀን ምን ያስከፍላታል ቢባል፣ መጀመሪያ የሚሄደው እንቅልፏ ነው። አሜሪካ፣ ኮሎምበስ ከተማ ሊንደን ሰፈር ያለው ቤቷ በር ገና ሳይነጋ ይንኳኳል፤ ሆስፒታል ጽዳት የምትገባ እናት ልጇን በብርድ ልብስ እንደጠቀለለች ታቀብላትና ወደ ክሊቭላንድ አቬኑ አውቶቡስ ትሮጣለች። ቀጥሎ ጉልበቷ ይሄዳል፤ ምንጣፍ ላይ ቁጭ ብድግ ስትል ነው የምትውለው። ጠዋት ያፈላችውን ሻይ በማይክሮዌቭ ደጋግማ ታሞቀዋለች፤ ከሰዓት በኋላ ሳትጠጣው ትደፋዋለች። ማታ የገዛ ልጇ ናርዲ "ማሚ" ብላ ስትጠራት የሚተርፋት ድምፅ ትንሽ ነው።

ይህን ሁሉ የምትከፍለው አንድ ነገር እንዳይጎድልባት ነው። እናቶቹ ልጃቸውን ከሰጧት በኋላ ዞር ብለው ሳያዩ እንዲሄዱ። በዲቪ ከመጣች ወዲህ የአሥራ ሁለተኛ ክፍል ወረቀቷን የጠየቃት የለም፤ ኮሎምበስ ላይ በገዛ እጇ ያቆመችው ሥራ ይሄ ልጅ መጠበቅ ነው። ባሏ ነጋ ዌርሃውስ የማታ ፈረቃ ይሠራል። እሷ ደግሞ ቀስ ብላ ላይሰንስ አውጥታ፣ አንድ ቀን ሞርስ ሮድ ላይ የራሷን የሕፃናት ማዋያ ልትከፍት ታስባለች። የግድግዳውን ቀለም ሳይቀር መርጣለች፤ ቢጫ።

በሰዓት ደግሞ ቀልድ አታውቅም። መቼም እኛ አበሾች ሰዓት ላይ ሁለት ምላስ ነው ያለን። አፋችን ስድስት ሰዓት ሲል የግድግዳው ሰዓት አሥራ ሁለት ላይ ቆሟል፤ እዚህ አገር ስንት ዓመት ብንኖር ምላሳችን አይመለስም። ስለዚህ አንዲት እናት "ወተቱን አራት ሰዓት ላይ ስጪልኝ" ካለቻት፣ መብራት ሳትጠይቅ አታልፍም።

"በማን ሰዓት?"

"በእኛ ነዋ።"

"እሺ፣ ቴን ኤኤም። ሂጂ በቃ።"

ቤተ ክርስቲያን ውስጥ ሴቶቹ "በማን ሰዓት መጣች" እያሉ ይቀልዱባታል። እሷም ትስቃለች። ቀልዱ ውስጥ ክብር እንዳለበት ታውቃለች።

ፅጌረዳ የልብ ጓደኛዋ ናት። ከእሷ ቀድማ የመጣች፣ መኪና መንዳት ያስተማረቻት፣ ናርዲ ስትወለድ ነጋ ከሥራ መውጣት ሲያቅተው አልጋዋ አጠገብ እጇን ይዛ የቆመችላት ሴት ናት። ኢስተን አካባቢ ምግብ ቤት ውስጥ በአስተናጋጅነት ትሠራለች። በፈረንጆቹ 1999 ሰመር ላይ የቤተ ክርስቲያኑ የሴቶች ኅብረት ልጆቹን ይዞ ሐይቅ ዳር ወዳለው ትልቅ የመጫወቻ ፓርክ ሊሄድ ሲነሳ፣ የምግቡ ነገር ለእሷ ተሰጠ። የሰጧት ጋሼ ግርማቸው ናቸው፤ የቤተ ክርስቲያኑ ሽማግሌ፣ ኢስተን ላይ አንድ አዲስ ሬስቶራንት ውስጥ ሱፐርቫይዘር።

ፅጌረዳ ከሥራ ስትመለስ መብራት ቤት ጎራ አለች፤ ጫማዋን አውልቃ ወጥ ቤት ወንበር ላይ ተቀመጠች። መብራት ከምትጠብቃቸው አንዱ፣ የሐምራዊት ልጅ የአብሥራ፣ ጡጦውን ጨርሶ መብራት ትከሻ ላይ ተለጥፏል።

"ሚል ፕላን የሚሉት አለ" አለች ፅጌረዳ። "ምግቡን አስቀድመን እንከፍላለን፣ ጠረጴዛ ሪዘርቭ እናደርጋለን፣ እንደ ሰው ቁጭ ብለን እንበላለን።"

"እኔ እኮ ዳቦ ልጋግር፣ እንቁላል ልቀቅል ብዬ ነበር።"

"ምግብ ይዞ መግባት ክልክል ነው። ደግሞስ እስከ መቼ ነው ፌስታል አንጠልጥለን የምንዞረው?"

"ፌስታሉ ምን አደረገሽ?"

"ምንም። ፎቶ ላይ ግን ሁሌም አለ።"

ሁለቱም ሳቁ። ፅጌረዳ ግድግዳው ላይ ያለውን ስልክ አነሳች፤ እንግሊዝኛዋ ቀጥ ያለ ነው፤ የሰዉን ብዛት ነገረች፣ የቤተ ክርስቲያኑን ስም ፊደል በፊደል አስጻፈች። ከዚያ ለራሷ እንደማውራት ብላ "ጋሼ ግርማቸው ምሳ ስድስት ሰዓት ነው ያሉኝ" አለችና ወደ ስልኩ ተመለሰች።

"ሲክስ ኦክሎክ፣ ፕሊስ።"

መብራት የልጁን ጀርባ መታ መታ እያደረገች "በማን ሰዓት?" አለች።

ፅጌረዳ ጣቷን ከንፈሯ ላይ አደረገች። "የስ፣ ሲክስ። ታንክ ዩ ሶ ማች።" ስልኩን ሰቀለች። "ምን ነበር ያልሽኝ?"

"ሰዓቱን ነው። በማን ነገርሻት?"

"ኧረ መብራት፣ ለእኔ ነው ሪዘርቬሽን የምታስተምሪው? ሥራዬ እኮ ነው።"

እውነቷን ነው፣ ሥራዋ ነው። መብራት ልጁን ወደ ሌላው ትከሻዋ አዛወረችው፤ እሱም አገሳ።

የጉዞው ቀን ቢጫው አውቶቡስ ከቤተ ክርስቲያኑ ደጅ ተነሳ። መብራት ሲመለሱ የሚበላ ዳቦ ጋግራ፣ በጨርቅ ሸፍና ጠረጴዛ ላይ ትታው ነበር። ፓርኩ በር ላይ ለእያንዳንዱ ሰው ብርቱካናማ የወረቀት አምባር ታሰረለት፤ ምግቡ መከፈሉን የሚያሳየው እሱ ነው። ልጆቹ እጃቸውን ወደ ላይ ይዘው እየተያዩ ተደሰቱ። ጠዋቱን በጀልባው፣ በፈረሱ፣ በሚሽከረከረው ነገር አሳለፉት። ፀሐይ አናት ላይ ስትወጣ ጋሼ ግርማቸው ሁሉንም ሰብስበው ወደ ምግብ አዳራሹ ነዱ።

በሩ ላይ የቆመችው ልጅ እግር ዝርዝሯን አየች፣ አምባሩን አየች፣ ፈገግ አለች። የእናንተ ጠረጴዛ ማታ ነው አለቻቸው። ሲክስ ፒኤም።

ጋሼ ግርማቸው ብዙ ተናገሩ። አለቃዋ ተጠራ። እሱም በትሕትና ነገራቸው፤ እስከ ማታ ድረስ ያለው ቦታ በሌሎች ተይዟል፣ አምባሩ ከሰዓቱ ውጭ አይሠራም፣ አስቀድሞ የተከፈለ ምግብም ተመላሽ የለውም። አውቶቡሱ ደግሞ ከዚያ በፊት መነሳት አለበት፤ ግማሾቹ ሴቶች ማታ ሥራ ገቢ ናቸው። በመስታወቱ ውስጥ ሌሎች ሰዎች ዶሮና በቆሎ ሲበሉ ይታያል። ናርዲ የእናቷን ቀሚስ ያዘች።

"ማሚ፣ አይም ሃንግሪ።"

"ቆይ የእኔ እናት።"

ጋሼ ግርማቸው ወደ ሰዉ ዞሩ። ላብ በግንባራቸው ወርዷል። "የፈረንጁን ስድስት ነው የያዛችሁት ይሉናል። ፅጌረዳ፣ ነገሩን ለአንቺ ነበር የሰጠሁት፤ ማን ነው የደወለው?"

መብራት ፅጌረዳን አየቻት። ፅጌረዳ ጥቁር መነጽሯን አስተካከለች።

"ከመብራት ቤት ነው የተደወለው፣ ጋሼ" አለች።

መብራት የቀረውን ጠበቀች። አረፍተ ነገሩ አላለቀም ብላ ነው፤ የሚቀጥለው "የደወልኩት ግን እኔ ነኝ" ነው ብላ ነው። ፅጌረዳ ግን ጎንበስ ብላ የአንድ ልጅ የጫማ ክር ማሰር ጀመረች።

"መብራት?" አለች አንዷ ከኋላ። "የ'በማን ሰዓቷ' መብራት?" ሰዉ ተርቦም ቢሆን ሳቀ።

መብራት አፏን ስትከፍት ጋሼ ግርማቸው ትከሻዋን መታ አደረጉ። "አይዞሽ ልጄ፣ ሰው ይሳሳታል።" ይቅር ከተባለች በኋላ እኔ አይደለሁም ማለት እንዴት እንደሚከብድ ያልደረሰበት አያውቀውም። የናርዲን እጅ ይዛ ከበሩ ራቀች። ልጆቹ ከፓርኩ ሱቅ የተገዛላቸውን የድንች ጥብስ በየጥላው ስር ተቃምሰው ዋሉ። አምባሩ ማታ ድረስ እጃቸው ላይ ነበር።

ሲመለሱ ፅጌረዳ አውቶቡስ ውስጥ አጠገቧ መጥታ ተቀመጠች፤ እጇን ያዘቻት፣ ያኔ በምጥ ጊዜ እንደያዘቻት።

"ለዛሬ ብቻ ቻይልኝ" አለች በሹክሹክታ። "እሑድ እኔው ራሴ እነግራቸዋለሁ።"

"እሑድ?"

"እግዚአብሔር ያውቃል።"

መብራት አመነቻት። ቤት ገብተው ዳቦውን ሲቆርሱ እንኳ ለነጋ ምንም አላለችውም። ናርዲ አፏን ሞልታ "ዊ ሹድ ሃቭ ቱክ ዚስ" አለች፤ ይሄን ነበር ይዘን መሄድ የነበረብን ማለቷ ነው። መብራት የልጅቷን አምባር በመቀስ ቆረጠችላት።

እሑድ ከጸሎት በኋላ ፅጌረዳ የሚቀጥለውን ጉዞ ልታስተዋውቅ ተነሳች። መብራት ናርዲን ጭኗ ላይ አድርጋ ቀና ብላ ተቀመጠች። ፅጌረዳ ስለ ቀኑ ተናገረች፣ ስለ መኪናው ተናገረች፣ መጨረሻ ላይ ፈገግ ብላ "አደራችሁን፣ የዚህን ጉዞ ስልክ ከመብራት ቤት አርቁልኝ" አለች። ቤቱ በሳቅ ተሞላ። ናርዲም ሰው ሲስቅ አይታ ሳቀች።

በማግሥቱ ጠዋት ሐምራዊት የአብሥራን ይዛ መጣች። ልጁ ደረቱን ያፍነዋል፤ በሰዓቱ የሚወስደው ሽሮፕ አለው። ሐምራዊት ወትሮ ልጁን አቀብላ በደረጃው ትወርድ ነበር። የዚያን ቀን ቆማ የግድግዳውን ሰዓት አየችው።

"ስምንት ሰዓት ላይ ነው፣ መብራትዬ። ቱ ኦክሎክ። ቱ።" ሁለት ጣቷን አሳየቻት።

"አውቃለሁ፣ ሐምራዊት። ስንት ጊዜ ሰጠሁት።"

"አውቃለሁ፣ አውቃለሁ።" ደረጃው ግማሽ ላይ ደርሳ ዞር ብላ አየች።

 ከጥቂት ቀናት በኋላ ሐምራዊት ባዶ ቦርሳ ይዛ መጥታ የልጁን ዕቃ ሰበሰበች። የመብራትን ዓይን ማየት አቅቷት ነበር። "አንቺን ጠልቼ አይደለም። መድኃኒት ነው፣ እፈራለሁ። አትቀየሚኝ።" ስትቸኩል አንዱን ጡጦ ረስታ ሄደች።

መብራት የዚያኑ ቀን ፅጌረዳ አፓርታማ ሄደች። ናርዲን ይዛት ነበር፤ ስለዚህ ድምፅዋን አልጨመረችም።

"ሐምራዊት ልጇን ወሰደች።"

"ውይ፣ በምን?"

"በስድስት ሰዓት ምሳ።"

ፅጌረዳ ወደ ምድጃው ዞረች። ከዚያ ሻይ ላፍላ አለች፤ መብራት አልፈልግም አለች።

"ስሚኝ መብራት፣ ጋሼ ግርማቸው እነሱ ሬስቶራንት ሊያስገቡኝ ነው። ስልክ አንስቶ ሪዘርቬሽን መያዝ ነው ሥራው። ትሪ ተሸክሜ ወገቤ አለቀ። የሪዘርቬሽን ሰዓት አበላሸች ከተባልኩ ያስገቡኛል?"

"እኔስ? እኔ በሰዓት አይደለም የምኖረው?"

"አንቺማ ምን ትሆኛለሽ፣ ልጅ መጠበቅ ነው። አንዱ ቢሄድ ሌላ ይመጣል።"

መብራት ይህን ስትሰማ ቁጭ ካለችበት ተነሳች። "ዋሽተሽብኛል" አለቻት።

"እኔ?" ፅጌረዳ የእውነት የተበደለች መሰለች። "አንዲት የዋሸሁትን ቃል ንገሪኝ። ከቤትሽ አልተደወለም?"

 ተደውሏል። ከቤቷ ተደውሏል። መብራት የናርዲን እጅ ይዛ ወጣች።

ጋሼ ግርማቸው ዘንድም ሄዳለች። "ስልኩ የእኔ ነው፣ የተናገረችበት ግን ፅጌረዳ ናት" አለቻቸው። እሳቸው ጫማቸውን ተመለከቱ። "ልጄ፣ ያለፈ ነገር ነው፤ አሁን ቢነሳ ሁለት እህቶችን ከማጣላት በቀር ምን ያደርጋል? ለሰላም ብለሽ ተይው" አሏት። መብራት እሺ አላለችም፤ አመስግና ወጣች።

ፅጌረዳ ሥራውን አገኘች። ኢስተን ደውሎ ጠረጴዛ የሚይዝ ሰው ድምፅዋን ይሰማል። ስድስት ሰዓት ያላትን ሁሉ በለሰለሰ እንግሊዝኛ "ለላንች ወይስ ለዲነር?" ብላ ትጠይቃለች አሉ። መብራት ይህን ስትሰማ "ጥሩ ጥያቄ ነው" አለች።

እሷ ዛሬም ሳይነጋ በር ትከፍታለች። ላይሰንስ ለማውጣት ሥልጠናውን ጀምራለች፤ ቢጫው ቀለምም ከሐሳቧ አልወጣም። ምንጣፉ ላይ ግን የአብሥራ ይተኛበት የነበረው ቦታ ባዶ ነው፤ ሌላ ልጅ አታስተኛበትም።

እና መብራት አንባቢን የምትለምነው ብዙ አይደለም። ፅጌረዳን አስወጡልኝ አትልም፤ እጇን ይዛላት ነበርና። ግን ያን ቀን አውቶቡሱ ላይ ከነበራችሁ፣ ወይም ወሬው ከደረሳችሁ፣ ሐምራዊትን ሞርስ ሮድ ገበያ ላይ ልጇን ይዛ ስታገኟት አንድ ነገር ብቻ ጠይቁልኝ ትላለች። "ከመብራት ቤት ተደወለ፤ እሺ። ማን ደወለ?" በሏት። መልሱን ራሷ ትፈልገው። ጡጦው ታጥቦ መደርደሪያው ላይ እንዳለም ንገሩልኝ።