ሰሜን ተራራ የሄደው ድንኳኔ

አባባ ፈቀዱልኝ! ለፋሲካ ዕረፍት ከትምህርት ቤታችን ልጆች ጋር፣ ጃንሆይ ፓርክ ይሁን ብለው ወዳወጁት የሰሜን ተራራ እሄዳለሁ። ይህን የምጽፈው መርካቶ፣ ሱቃችን ውስጥ፣ የሸራ ጥቅል ላይ ተቀምጬ ነው። ሸራው ውሃ እንዳያስገባ የተቀባው የሰምና የላምባ ሽታ አፍንጫዬን ሲነካው ግን በደስታዬ መሀል ያምናው ነገር ድቅን ይልብኛል።

አምናም ጉዞ ነበር፤ ሴቶችም ተፈቅዶልን ነበር። በቤታችን ግን ሴት ልጅ ከአባቷ ፈቃድ ስትፈልግ በራሷ አፍ አትጠይቅም፤ የሚናገርላት ሰው ትልካለች። እኔም አብሮኝ የሚጓዘውን ታላቅ ወንድሜን ላክሁ።

"አንቺ የምናድርበትን ድንኳን ስፊ፤ አባባን ለእኔ ተዪልኝ" አለኝ።

ሰፋሁ። ከትምህርት ቤት ስመለስ ሱቁ ደጃፍ ቁጭ ብዬ፣ ተሸካሚዎቹ "ዞር በይ! ዞር በይ!" እያሉ በላዬ ሲያልፉ፣ በጆንያ መርፌ ጣቴ እስኪላጥ ሰፋሁ። የራጉኤል ደወል ሲደወል እንኳ ቀና አልልም ነበር። "ጋሼ፣ ነገርካቸው?" እለዋለሁ። "እየለዘቡ ነው" ይለኛል።

መሄጃው ሲደርስ ድንኳኑን ደጃፉ ላይ ተከልነው። ሲያምር! ጎረቤት ነጋዴዎች ተሰበሰቡ። አባባ ስፌቱን ዳሰሱና ግንባሬን ሳሙኝ።

"ለወንድሟ ብላ እኮ ነው ይህን ሁሉ የለፋችው! እህት ማለት እንዲህ ናት። ተባረኪ ልጄ!"

ነጋዴዎቹ "አሜን!" አሉ። ወንድሜ ጎንበስ ብሎ የታሰረውን ገመድ እንደገና ማሰር ጀመረ። በዚያ ሁሉ ምርቃት መሀል እንዴት አድርጌ "እኔስ?" ልበል? በኋላ ጓዳ አገኘሁትና፣

"አልጠየቅክልኝም አይደል?" አልኩት።

"ኧረ ተይ እስቲ! አንቺ ደግሞ የዚያን አገር ብርድ ልትችዪ? ስመጣ ሁሉንም አወራልሻለሁ።"

መጥቶም አወራ። አፍንጫው በፀሐይ ተልጦ፣ ስለ ዋልያው፣ ስለ ገደሉ፣ ደመናው ከእግራቸው በታች ስለ መተኛቱ። ሊጠይቁት የመጡት እንግዶች አፋቸውን ከፍተው ሲሰሙት እኔ እጅ አስታጥብ ነበር። "ድንኳናችን አንዲት ጠብታ አላስገባም" አለ። ማን እንደሰፋው አልተናገረም።

ዘንድሮ ማንንም አልላክሁም። አባባ ሸራ እየለኩ ሳለ "አባባ፣ ሰሜን ተራራ ልሂድ?" አልኳቸው። ሜትሩን አስቀመጡ።

"አምናም ፈልገሽ ነበር እንዴ?"

"አዎ አባባ።"

"ምነው ልጄ፣ የሚነግረኝ ሰው ጠፋ?" አሉና ከመደርደሪያው አዲስ ሸራ አወረዱልኝ።

ደስ ብሎኛል፤ በጣም። ወንድሜን "ጋሼ" ብዬ ልጠራው ግን እስካሁን አፌ አይታዘዝልኝም።

ጓደኞቼ፣ የምትመጡ ካላችሁ ብቅ በሉ፤ የምሰፋው አዲሱ ድንኳን ሌላ ሦስት ልጅ ይይዛል። አባቶቻችሁን ግን ራሳችሁ ጠይቁ።