የፈረሰው ክልል ደብዳቤ

ሮም ውስጥ ለዓመታት የበር ደወል በተደወለ ቁጥር መብራት አጥፍቼ እደበቅ ነበር። ቪዛዬ ካለቀ ቆይቷል፣ ፔርሜሶ የሚሉት የመኖሪያ ፈቃድም የለኝም። አውቶቡስ ላይ ተቆጣጣሪ ሲገባ ትኬቴን በእጄ ይዤ እንኳ በሌላው በር እወርዳለሁ። የፖሊስ የሚመስል ኮፍያ ያደረገ ሰው ካየሁ መንገድ እሻገራለሁ። እናቴ ማንንም የማትፈራ ሴት ነበረች። እኔም አገሬ ሳለሁ ምላሴ የማይታጠፍ ነበርኩ። ሮም ስገባ ግን ያ ሁሉ ምላስ የት እንደገባ አላውቅም።

የምሠራው ቲቡርቲና አካባቢ፣ ብቻቸውን የሚኖሩ አንድ ሽማግሌ ቤት ነበር። ጣሊያን ተወልደው፣ በወጣትነታቸው አውስትራሊያ ሄደው፣ ዕድሜያቸውን እዚያ ጨርሰዋል ማለት ይቻላል። ሚስታቸው የሮም ልጅ ስለነበረች በስተርጅና አብረው ተመለሱ። እሷ ሞተች፣ እሳቸው ቀሩ። ጣሊያንኛቸው ዝጓል፣ ፓስፖርታቸውም የአውስትራሊያ ነው። እኔን የቀጠሩኝ ምግቤ ጣፍጧቸው አይደለም፤ የአሥራ ሁለተኛ ክፍል እንግሊዝኛዬን ወደውት ነው። ዓይናቸው ደክሞ ስለነበር የሚመጣላቸውን ደብዳቤ ሁሉ ጮክ ብዬ አነብላቸዋለሁ።

"አንድም ቃል ሳትዘይ" ይሉኛል ሁልጊዜ። "ቀኑንም፣ አድራሻውንም፣ ከታች ያለውን ደቃቁንም።"

ሌላ ሰው ስለ ልጆቹ የሚያወራውን ያህል እሳቸው አውስትራሊያ ስላለው ምርጫ ክልላቸው ያወራሉ። ልጅ አልነበራቸውም። በብስኩት ቆርቆሮ ውስጥ የክልሉን ካርታዎች አስቀምጠዋል፣ ድንበሩ በተቀየረ ቁጥር አንድ ካርታ። ከጦርነቱ በኋላ ሕዝቡ በዝቷል ተብሎ የተቋቋመ ክልል ነው አሉኝ። የተሰየመው በአንድ የድሮ ፖለቲከኛ ነው፤ ሰውየው አውስትራሊያ ጥቂት ዓመት ኖሮ ወደ አገሩ ተመልሷል። "እንደ እኔ ማለት ነው" ይሉና ይስቃሉ። በሰሜን ወንዝ፣ በደቡብ ትልቅ የመኪና መንገድ ያዋስነዋል። በየጥቂት ዓመቱ ሰው ይቆጠርና መስመሩ ይነሳል። አንድ ጊዜ መስመሩ መንደራቸውን ለሁለት ሰንጥቆ ቤታቸው እዚህ፣ ቤተ ክርስቲያናቸው እዚያ ሆነ። ከዓመታት በኋላ መልሶ አገናኛቸው።

በምርጫ ቀን ትምህርት ቤት አዳራሽ ውስጥ ድምፅ ይቆጥሩ ነበር። ደጃፉ ላይ ቋሊማ በዳቦ ይሸጣል። መምረጥ ግዴታ ነው፤ ዕጩዎቹን ሁሉ ደግሞ ከአንድ ጀምሮ በተራ ቁጥር መስጠት አለብህ፣ የምትጠላውን ሰው ጭምር። ይህን ሲያስረዱኝ፣ እኔ የምጠላቸውን ሰዎች ስንተኛ እንደማደርጋቸው እያሰብኩ ሽንኩርት እልጥ ነበር።

አንድ ዓመት የጣሊያን መንግሥት ፈቃድ ለሌላቸው የቤት ሠራተኞች ምሕረት አወጣ። አሠሪሽ ቀርቦ ዶማንዳ የሚሉትን ማመልከቻ ይፈርምልሻል፤ በኋላ ሁለታችሁም ተጠርታችሁ ውል ትፈርማላችሁ፤ ከዚያ ፔርሜሶ ታገኛለሽ። ሽማግሌው አላቅማሙም። "እፈርማለሁ" አሉ፣ ቀጠሮም ያዝን።

ለቀጠሮው ሦስት ቀን ሲቀረው የአውስትራሊያ መንግሥት ምልክት፣ ካንጋሩና ረጅም ወፍ፣ ያለበት ፖስታ መጣ። የመንግሥት ማኅተም ያለበት ወረቀት ሁሉ ስለ እኔ የተጻፈ ይመስለኝ ስለነበር ሳሎን ሳልደርስ ኩሽና ቆሜ ቀደድኩት። "የምርጫ ክልልዎ ፈርሷል" ይላል፤ የነዋሪው ቁጥር ስላነሰ መሬቱ ለጎረቤት ክልሎች ተከፋፍሏል። ከድንጋጤዬ የተነሳ ከዚያ በታች ያለውን አላነበብኩም።

ለምን እንደዚያ እንደደነገጥኩ የአዲስ አበባ ሰው ይገባዋል። ቀበሌያችን ከጎረቤት ቀበሌ ጋር ሲቀላቀል አጎቴ ታስሮ ነበር። እናቴ ዋስ ልትሆነው መታወቂያዋን ይዛ ሄደች። ጸሐፊው ገልብጦ አየና፣ "ይሄ ቀበሌ ፈርሷል፤ አዲሱ ደግሞ አያውቅዎትም። ዋስ መሆን አይችሉም" አላት። ፋይሏ ከቢሮ ቢሮ እስኪዞር አጎቴ ክረምቱን ሙሉ ታስሮ ከረመ። ስለዚህ ለእኔ ነገሩ ግልጽ ነበር፤ ቀበሌው የፈረሰበት ሰው ለማንም መፈረም አይችልም። የእኔ ሽማግሌ ደግሞ የጣሊያን ዜጋ እንኳ አይደሉም።

"ከማን ነው?" አሉኝ ከሳሎን።

"ማስታወቂያ ነው።"

"የምን?"

"የምንጣፍ" አልኩ። ከየት እንደመጣልኝ እንጃ። ደብዳቤውን አጥፌ የጸሎት መጽሐፌ ውስጥ ከተትኩት። ቤቱ ውስጥ የራሴ የምለው ሌላ መደበቂያ አልነበረኝም።

ሐሙስ ከሰዓት ዕረፍቴ ስለነበር ፒያሳ ቪቶሪዮ ገበያ ከአገሬ ልጅ ጋር ተገናኘን። በርበሬ እየመረጥን ጉዳዩን ነገርኳት። እሷም እንደ እኔ ቀበሌ ለቀበሌ ስትንከራተት ያደገች ናት፤ ፊቷ ተለዋወጠ።

"አሎራ፣ ለማንም እንዳትተነፍሺ! ለሳቸውም ቢሆን። የክዌስቱራ ፖሊሶች ከሰሙ ዶማንዳሽን ይጥሉታል። አንቺንም እዚያው ይይዙሻል።"

"ከፈረሙ በኋላ ቢታወቅስ?"

"ያን ጊዜማ አጭበርብራ ነው ይሉሻል።"

ይህን ሰምቼ ተመለስኩ። ሽማግሌው በቀጠሯቸው ቀን ፈረሙ። ሪቼቩታዬን፣ ማመልከቻ ማስገባቴን የምታሳየውን ደረሰኝ፣ ደረቴ ውስጥ ሸጎጥኩ። እንደ ሌሎቹ አመልካች ሴቶች እፎይ ማለት ግን አልቻልኩም። ለውሉ ጥሪ ስንጠብቅ ወራት አለፉ። ስልክ ሲጮህ፣ የፈረሰው ክልል ታወቀ እላለሁ። እሳቸው ቆርቆሯቸውን ከፍተው ካርታ ሲያወጡ ሰሃን የማነሳ መስዬ ፊቴን አዞራለሁ። የሌለ አገር ወሬ እያወሩልኝ እንደሆነ እኔ አውቃለሁ፣ እሳቸው አያውቁም። አፍሬ ነበር፤ ፍርሃቴ ግን ከሐፍረቴ ይበልጥ ነበር።

ጥሪው ሳይመጣ የአውስትራሊያ ምርጫ ቀደመ። አንድ ጠዋት ከረባታቸውን አስረው፣ "ኤምባሲ ውሰጂኝ፣ ልመርጥ ነው" አሉ። አሞኛል አልኩ። "እኔ ደግሞ ሳልመርጥ ቀርቼ አላውቅም" ብለው ከዘራቸውን አነሱ።

የኤምባሲው በር ላይ ካራቢኒዬሪ፣ የጣሊያን ፖሊስ፣ ቆሟል። ሪቼቩታዬን ከደረቴ አውጥቼ አሳየሁት። አየት አድርጎ አሳለፈን። ውስጥ አንዲት ወጣት፣ "ክልልዎ?" አለቻቸው። ሽማግሌው ቀና ብለው ስሙን ጠሩ። ኮምፒውተሯ ላይ ፈለገች፣ ደግማ ፈለገች።

"ይህ ክልል ፈርሷል፣ ጌታዬ። ደብዳቤ ተልኮልዎታል።"

"አልደረሰኝም" አሉ። ቀስ ብለው ወደ እኔ ዞሩ። "ምንጣፍ" አሉ።

ልጅቷ መንገዳቸው ለጎረቤት ክልል እንደተሰጠ ነግራ ወረቀት ሰጠቻቸው። መረጡ። አውቶቡስ ውስጥ ፊታቸውን ወደ መስኮቱ አዙረው ተቀመጡ። እኔ ደግሞ ያለቀልኝ መስሎኝ፣ ሻንጣዬን የማን ቤት እንደማስቀምጥ አስብ ነበር።

ቤት እንደገባን፣ "ደብዳቤውን አምጪና አንብቢው። ሳትዘይ" አሉ።

አነበብኩ። ከታች በደቃቁ፣ "ስምዎ ወደ አዲሱ ክልል ተዛውሯል፤ ከእርስዎ ምንም አይጠበቅም" ይላል። እኔም ያንን መስመር ሳየው የመጀመሪያዬ ነበር። የአጎቴን እስር፣ የእናቴን መታወቂያ፣ ሁሉንም እያለቀስኩ ነገርኳቸው።

"እኛ ዘንድ ክልል ድምፅ መቁጠሪያ ነው፤ ሰው ከእሱ ጋር አይፈርስም" አሉ። "ብትጠይቂኝ ኖሮ እነግርሽ ነበር።"

"ለፊርማው ይመጣሉ፣ ሲኞሬ?"

"እፈርማለሁ ብዬሻለሁ እኮ።"

ደብዳቤውን ተቀብለው ከካርታዎቹ በላይ አስቀመጡና ቆርቆሮውን ከደኑት። ጥሪው ሲመጣ ያንኑ ከረባት አስረው አብረውኝ ሄዱ፣ ፈረሙ። ማንም ስለ ክልል አልጠየቀም። ፔርሜሶዬ እጄ ገባ።

ከዚያ ቀን በኋላ ግን ደብዳቤ አላስነበቡኝም። ከፋርማሲ ትልቅ ማጉያ መነጽር ገዙ። ፖስታ ሲመጣ በር ላይ ራሳቸው ይቀበሉና ሳሎን ተቀምጠው ፊደል በፊደል ይቆጥራሉ፤ አንድ ገጽ ግማሽ ቀን ይፈጅባቸዋል። እኔ ኩሽና ሆኜ ሲደናቀፉ እሰማለሁ። ቃሉን አውቀዋለሁ፣ ግን ልንገርዎት ለማለት አልደፈርኩም። እሳቸውም አልጠየቁኝም። ክፉ ቃል ተናግረውኝ አያውቁም፤ እስኪሞቱ ድረስ እንደ ልጅ ነው የያዙኝ። በደብዳቤ ብቻ አላመኑኝም።

ከሞቱ በኋላ፣ ቤቱን ሳጸዳ፣ ካንጋሩው ያለበት ፖስታ በስማቸው መጣ። ወንበራቸው ፊት ተቀምጬ ከፈትኩትና ቀኑንም፣ አድራሻውንም፣ ከታች ያለውን ደቃቁንም ጮክ ብዬ አነበብኩላቸው።